ሞላዎቹን ቅዳሜ አትግጠሚያቸው

ደባርቅ፣ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሕሊና፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

ሰላምታውን እንኳ ሳላደርስ አንድ ነገር ላስቀድም፤ ሞላዎቹን ቅዳሜ አትግጠሚያቸው። ይህን እንዳነበብሽ መፍቻውን ከእጅሽ አስቀምጪ። ሌላውን ከዚያ በኋላ ታነቢዋለሽ።

አሁን እንደምን ሰነበትሽ? የጀርመኑ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ጾሙ ትናንት ገባ። እናትሽ ጤናዬ ስጽፍ አይታኝ ከበሩ ላይ ቆማ አንድ ነገር አለችኝ፤ እኔም ራሴን ነቀነቅሁላት።

ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። ይህን ሁሉ ከስልክ ላይ ፊደል እየለቀምሁ ልጻፍ ብል ፋሲካ ይደርሳል። በወረቀት ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ፣ ኔትወርክ ሲመጣ በቴሌግራም እልክልሻለሁ። ለምን እንዳልደወልሁ ኋላ እነግርሻለሁ። ለእሱ ጉልበት እየሰበሰብሁ ነው።

መጀመሪያ ስለ መኪናሽ። የላክሽልኝን ዕቅድ ደጋግሜ አየሁት። ሰማያዊዋ ስፖርት መኪና ኩርባ ላይ እንዳትንጋደድ አራት ጣት ዝቅ ልታደርጊያት፣ ጠንካራ ሞላና እንደ ልብ የሚጠብቅ የሚላላ፣ ንዝረት የሚያበርድ አሞርዛተር ልትገጥሚላት፣ ያውም ብቻሽን፣ በተከራየሽው ቤት ጓሮ። ኧረ ጉድ ነው! እዚህ የጃናሞራ መንገድ የመኪናውን ሆድ እየላጠበት ሰው ሁሉ «ጋሽ አገኘሁ፣ ባሌስትራ ጨምርና ከፍ አድርግልኝ» ይለኛል። የእኔ ልጅ ደግሞ መኪናዋን መሬት ልታሳልማት አማራት። ሥዕልሽ ግን የባለሙያ ነው። ኮርቼብሻለሁ፣ አልዋሽም።

እኔን የሚያስፈራኝ ሞላው ነው። የሀብተ ሚካኤልን የፊት ጥርሶች ምን እንዳወለቃቸው ታውቂያለሽ? በልጅነትሽ በቅሎ ረግጣው ነው ያልንሽ እንዳትፈሪ ብለን ነው። ጋራዡን አብረን በከፈትንበት ዓመት አንድ ሞላ አምቀን በሽቦ አስረን ስናወጣ ሽቦው ተበጠሰ። እኔ ካቻቪቴ ላነሳ ጎንበስ ብዬ ነበር፤ ባልጎነበስ ኖሮ እሱን የመታው ሞላ ለእኔ ነበር የሚመጣው። ስለዚህ የሞላ ማመቂያውን ሁለት መንጠቆ ትይዩ አድርገሽ ያዢው፣ ተራ በተራ ጥቂት በጥቂት አጥብቂ፣ ፊትሽን ከሞላው አፍ አርቂ። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር እንዳትገቢ። ይህን ሁሉ እንደምታውቂው አውቃለሁ። የምዘገየው ለመናገር የፈራሁት ነገር ስላለ ነው።

እሺ፣ ልናገረው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል።

ከተጋጨ መኪና የወጡትን አራት ሞላዎች ገዝተሽ፣ እንዳስተማርሁሽ በገመድ አንጠልጥለሽ፣ በመዶሻ እየመታሽ ድምፃቸውን ላክሽልኝ። «አባዬ፣ ስማና ፍረድ» ብለሽ ጻፍሽ። ጤነኛ ብረት ሲመታ እንደ ደወል ድምፁ ይቆያል፤ የተሰነጠቀው እንደ ነቃ ገንቦ ዷ ብሎ ይቀራል። እኔ ሠላሳ አምስት ዓመት እንጀራዬን የበላሁት በዚህ ጆሮ ነው። የዚያን ዕለት ጋራዡ ውስጥ ሰው ነበረ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፍሁና እንደ አዋቂ ዓይኔን ጨፍኜ ቆየሁ፤ ከዚያ «ደህና ናቸው» ብዬ ጻፍሁልሽ። አንቺም ወዲያው «አንተ ካልህ በቃኝ፤ ሌላ ሰው አላሳይም፤ ኅዳር 20 ቅዳሜ እገጥማቸዋለሁ» አልሽኝ።

ሕሊናዬ፣ ምንም አልሰማሁም። አንዱንም አልሰማሁም።

ጆሮዬ ከከዳኝ ዓመት አልፎታል። መጀመሪያ የወፉ ድምፅ ጠፋብኝ፣ ቀጥሎ የቄሱ። እናትሽ ስትጮህብኝ «ይህች ሴት ምን ነካት?» ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ አኩርፌአታለሁ፤ ለካ እንድሰማት ኖሯል። ሞተር ሲመጣልኝ የካቻቪቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ አስደግፌ፣ እጀታውን በጥርሴ ነክሼ በአጥንቴ አዳምጣለሁ። ሰውም የጋሽ አገኘሁ ጥበብ ነው ብሎ ያደንቃል፣ እኔም አላርመውም። አንቺም ስትደውዪ «እህ... እሺ የኔ ልጅ... በርቺ» የምልሽ እንዲሁ በግምት ነው። ምናልባት አንድ ቀን እያለቀስሽም «በርቺ» ብዬሽ ይሆናል።

ከኩራቴ ብዛት ደብቄው እስክሞት እኖር ነበር። የኅዳር ሚካኤል ዕለት ግን ሙሌ፣ ያ ሚኒባሱን የማድስለት ሹፌር፣ አሥራ አራት ሰው ጭኖ ሊማሊሞን ሲወርድ የኋላ ባሌስትራው፣ ያ ቅጠል በቅጠል የተደራረበው ሞላ፣ ተሰበረ። መኪናው ወደ ገደሉ ዞረበት። እንደምንም መሪውን ጠምዝዞ ከተራራው ግድግዳ ጋር አላተመውና ቆመ። እጇ ወለም ካላት አንዲት ሴት በቀር ማንም አልተጎዳም፤ ለሚካኤል ምስጋና ይድረሰው። ያን ባሌስትራ ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ፈትቼ፣ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ አንጠልጥዬ መትቼ፣ «ደህና ነው፣ ንዳ» ያልሁት እኔ ነኝ።

ስብራቱን ሄጄ አየሁት። ግማሹ ገና የተሰበረ፣ የሚያብረቀርቅ ነው። ግማሹ ግን ዝገት የጠጣ፣ የቆየ ስንጥቅ ነው። በእጄ ሳለም ተሰንጥቆ ነበር ማለት ነው። ብረቱ እንደታመመ ነግሮኛል፣ እኔ ነኝ ያልሰማሁት።

ሙሌ ደግሞ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ቤታችን ድረስ መጥቶ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። እናትሽ ኋላ ጮኻ እንደነገረችኝ «ጋሽ አገኘሁ አስቀድሞ ባይፈትሸው ኖሮ ሁላችንም አልቀን ነበር» ነው ያለው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ። ቁራጩን ብረት ከመሣሪያ ሣጥኔ ሥር ደብቄዋለሁ። ከቅዳሜ ጀምሮም ወገቤን አሞኛል ብዬ ጋራዡን ዘግቻለሁ። የሚታየኝም ሚኒባሱ አይደለም። ሰማያዊዋ መኪና ናት የምትታየኝ፣ ኩርባ ላይ፣ አንቺ ውስጧ ሆነሽ። ፈራሁ ልጄ፣ እንደዚህ ፈርቼ አላውቅም።

ስለዚህ እለምንሻለሁ። ሞላዎቹን ወደ ዩኒቨርሲቲሽ ቤተ ሙከራ ውሰጃቸው። ስንጥቅን በቀለም የሚያሳይ ነገር እንዳላቸው አንድ ጊዜ ጽፈሽልኝ ነበር። ከአራቱ አንዱ እንኳ ቢያጠራጥር ሁሉንም ጣያቸው። አዲስ እስክታገኚ መኪናዋ ባለችበት ቁመት ትቆይ፣ ማንም አይስቅብሽም። «አንተ ካልህ በቃኝ» አትበይ። እኔ አልበቃም። ባለሙያ ልጅ ነሽ፤ አባትሽንም ቢሆን ፈትሺው።

እኔም ይህን እንደላክሁልሽ ቁራጩን ይዤ ሙሌ ቤት እሄዳለሁ። ነገ ነገ እያልሁ ይኸው አራተኛ ቀኔ ነው። ምን እንደሚለኝ እንጃ። ቢሰድበኝም መቼም አልሰማው።

የቅዱስ ሚካኤል ክንፍ ከላይሽ አይለይ። እጅሽን ከብረት፣ መንገድሽን ከክፉ ይጠብቅልኝ። በአገርሽ አፈር ላይ እንደገና ለመተያየት ያብቃን።

አባትሽ አገኘሁ

ማስታወሻ፦ ያ የላክሽው ድምፅ ሁለት ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ ይላል። አራት ሞላ ለመምታት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ እኔው ነኝ ያስተማርሁሽ። ከዚያ በኋላ የተናገርሽው ነገር አለ። ስልኩን በጥርሴ ይዤ ሞከርሁ፣ መንቀጥቀጡ ብቻ ነው የሚሰማኝ። ለእናትሽ ላሰማት አልሁና ለእኔ ብቻ ያልሽው ቢሆንስ ብዬ ተውሁት። የደስታ ይሁን የሐዘን እንኳ አላውቅም። አትደውዪ ልጄ። ከመዶሻው በኋላ ያልሽኝን፣ አንድ ቃል ሳታስቀሪ፣ ጻፊልኝ።