ሕንፃ ተብሎ ስለተወሰደው የሞተር ማንሻዬ

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ኪዳነ ማርያም
የከተማችን የመንገድና ግንባታ ክትትል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

የሞተር ማንሻዬን ወስዳችሁ ባለቤቴ ታላቅ እህቷን በሕይወት ሳለች እንዳታያት አድርጋችኋል።

ነገሩን ከሰላምታው ያስቀደምኩት ሥራ የሚበዛብዎ ሰው መሆንዎን ስለማውቅና መጨረሻው ድረስ ላያነቡኝ ይችላሉ ብዬ ስለሠጋሁ ነው። አሁን ወደ ሰላምታው እመለሳለሁ። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎ እንዲጸና፣ ወገብዎ እንዳይጎብጥ፣ ከቤትዎ ደጃፍ እስከ መንገዱ ያለውም ርቀት ዕድሜዎን ሙሉ አንድ እርምጃ ብቻ ሆኖ እንዲቆይልዎ ከልብ እመኛለሁ።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ የማያውቁኝም ሊያነቡት ይችላሉና ራሴን ላስተዋውቅ። አለበል እንዳላማው እባላለሁ፤ ዕድሜዬ ሰባ ሦስት ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በዚች ትንሽ ከተማ አርባ ዓመት ስኖር ሥራዬ በየገጠሩ በሞተር ብስክሌት እየዞርኩ ወፍጮ መጠገን ነበር። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ስድስት ዓመቴ ጎረቤቴ ከነበረ ዲያቆን ነው፤ ብየዳ የተማርኩት ደግሞ ሌላው ሲበይድ ከሩቅ ቆሜ በማየት ነው። ስለዚህ የጽሕፈት ቤታችሁን ሙያዊ አነጋገር በትክክል ሳልረዳ ቀርቼ እንደሆነ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ቅሬታዎቼን፣ ወይም ምስጋናዎቼን፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ መንገዱ አመሰግናለሁ። ባለፈው ግንቦት በደጃችን የሚያልፈው መንገድ በድንጋይና በገረጋንቲ ተሞልቶ ከቀድሞው በሰማንያ ሳንቲም ከፍ ሲል፣ ከሥሩ የቀረነው ሰባት አባወራዎች የከተማችንን ዕድገት ቀና ብለን ለማየት በቅተናል። ቀድሞ አላፊ አግዳሚውን ፊቱን አይተን ሰላም እንል ነበር፤ አሁን በጫማው ነው የምንለየው። ለየበራችን ደረጃ እንደሚሠራልን በስብሰባ ሲነገረን አጨብጭበናል። ደረጃው በሁለተኛው ምዕራፍ ውስጥ መሆኑንም ኋላ ላይ ተረድተናል፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ ማለቁን ግን እስካሁን የነገረን የለም። እኔ ድንጋይ ደርድሬ በራሴ ልሥራ ብዬ ብጠይቅ፣ መንገዱን ከደገፈው ግንብ ሥር የሚያልፈውን የውኃ ቦይ ስለሚዘጋ ክልክል ነው ተባልኩ። ይህ ተገቢ መልስ ነው። ውኃም መውጫ ያስፈልገዋል።

2ኛ. ባለቤቴ ወለተ ሥላሴ ሁለቱም ጉልበቶቿ ታመው መሰላል መውጣት ከተዉ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። ቤተ ክርስቲያንም ሆነ ሐኪም ቤት የምትሄደው ከሞተሬ ኋላ ተቀምጣ ነው። ሞተሩ ከመቶ ኪሎ በላይ ስለሆነ በእኔ ዕድሜ ግንብ የሚያስወጣው ጉልበት የለም። በመሆኑም ሰኔን ሙሉ ሠርቼ አንድ ማንሻ አበጀሁ። ከቱቦላሬ ብረት የተበየደ፣ እግሩ እንደ መቀስ የሚታጠፍ፣ ከአሮጌ የጭነት መኪና በወጣ ክሪክ በእግር እየተረገጠ ከፍና ዝቅ የሚል፣ ከሥሩ አራት ጎማ ያለው የብረት ጠረጴዛ ነው። ጎማዎቹን ከቦዩ ወዲያና ወዲህ አድርጌ ሞተሩን እጭንበታለሁ፤ በጠፍር ግራና ቀኝ አስሬ እረግጣለሁ፤ መንገዱ ላይ ሲደርስ ፈትቼ እገፋዋለሁ። ማታ ማንሻውን እንደዚሁ ዝቅ አደርግና ሞተሩን ከላዩ ሳላወርድ ከነማንሻው እየገፋሁ ጣሪያ ሥር አስገባዋለሁ፤ ክረምቱን ሙሉ ከጭቃው አንድ ክንድ ከፍ ብሎ አድሯል። ባለቤቴንም ዱካ ላይ አስቀምጬ በዚያው አወጣት ነበር። የመጀመሪያ ቀን ሲያነሳት አማትባ፣ የዱካውን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣ፣ «ዕርገት ይሉሃል ይኼ ነው» አለችኝ። ከታመመች ወዲህ ስትቀልድ የሰማኋት ያን ቀን ነው።

3ኛ. መስከረም 22 ቀን ባለሙያችሁ አቶ ጌቱ ሜትር ይዘው መጡ። ጨዋ ሰው ናቸው። ማንሻውን ዞረው ዞረው አዩና «አባባ፣ እስቲ እኔን ያንሱኝማ» አሉኝ፤ አነሳኋቸው። ደስ አላቸው መሰል ደግሜ እንዳነሳቸው ጠየቁ፤ ደገምኩ። ሁለተኛ ሲወርዱ ወረቀት አውጥተው «ያለ ፈቃድ የተገነባ መወጣጫ ሕንፃ» ብለው ጻፉ። ስፋቱንና ርዝመቱን ለክተው ሞሉ፤ ከፍታ በሚለው ቦታ ግን ጥቂት አስበው «ተለዋዋጭ» አሉበት። ሕንፃ ጎማ የለውም ብላቸው፣ «አባባ፣ ቅጹ ላይ ያለው ሕንፃ፣ አጥርና ድንኳን ነው፤ የቱን ልጻፍልዎ?» ሲሉ መለሱልኝ። ድንኳን ባልኩ ኖሮ እያልኩ አሁን አሁን አስባለሁ። ሕንፃውም የዚያኑ ዕለት በገዛ ጎማው እየተንከባለለ ወደ ጽሕፈት ቤታችሁ ሄደ። ሊወስዱት የመጡት አራት ሠራተኞቻችሁ ግንቡን ማስወጣት ስላቃታቸው እኔው አግዤአቸዋለሁ፤ ለዚህ ምስጋና አልጠብቅም።

4ኛ. በሦስተኛው ቀን ቢሮዎ ስመጣ ከመቀመጫዎ ተነሥተው ስለተቀበሉኝ አክብሮቴ ከፍ ያለ ነው። «አባታችን፣ ይቺን ይፈርሙና ዛሬውኑ ይዘውት ይሂዱ» ብለው ቅጽ ሰጡኝ። ቅጹ «ያለ ፈቃድ ሕንፃ መገንባቴን አምኛለሁ» ይላል። እንዳልፈረምኩ ያስታውሳሉ፤ ለምን እንዳልፈረምኩ ግን አልጠየቁኝም። አባቴ ፊደል አያውቅም ነበር። አንድ ቀን ሰው ያመጣለትን ወረቀት በአውራ ጣቱ አተመ፤ ከዚያም የገዛ ማሳውን ድንበር በገዛ እጁ እንደለቀቀ ተነበበለት። በሃያ ስድስት ዓመቴ ከልጆች ጋር ቁጭ ብዬ ሀ ሁ ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው። እጄ ከዚያ ወዲህ ያልሆነውን ሆነ ብሎ ፈርሞ አያውቅም። ማንሻ ነው፤ ሕንፃ አይደለም።

5ኛ. ያን ዕለት ስወጣ የጽሕፈት ቤታችሁ ሞተር በማንሻዬ ላይ ቆሞ ሲታጠብ አየሁ። ለመንግሥት ሥራ መዋሉ ያስደስተኛል። ሰው እንዳይጎዳ ግን የአጠቃቀሙን ነገር ልናገር፤ ይህ ስላቅ አይደለም። ሞተሩ ጠረጴዛው መሐል ካልቆመ አታንሱት። ጠፍሩ በአንድ ወገን ብቻ ከታሰረ ወደ ሌላው ይወድቃል፤ እናንተ ጭራሽ ሳታስሩት ነበር። ከፍ ካለ በኋላ ማቆሚያ ብረቱን ሳትሰኩ ከሥሩ እጅም ራስም አታስገቡ፤ ክሪኩ አሮጌ ነው፤ እኔም ሙሉ በሙሉ አምኜው አላውቅም። ስታወርዱ የክሪኩን ቡሎን በሩብ ዙር ብቻ ፍቱት። በአንድ ጊዜ ከፈታችሁት እንደ ድንጋይ ይወርዳል።

6ኛ. አሁን ወደ ጉዳዩ እገባለሁ።

መስከረም 28 ቀን የባለቤቴ እህት አመተ ማርያም ይጁቤ ላይ መታመሟንና «ወለቴ ትምጣልኝ» ማለቷን ሰው ነገረን። ከኛ ቤት ይጁቤ በሞተር ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው። እኔ ማንሻውን ሲመልሱልን እንሄዳለን አልኩ። ጎረቤቶቻችን በቃሬዛ እናውጣት፣ ሞተሩንም በገመድ እንጎትተው ብለው ሲመጡ ወለተ ሥላሴ እንቢ አለች። «በሰው ትከሻ የምወጣው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ገና ነው» ብላ አሳቀቻቸው።

በሳምንቱ ሁለተኛ መልእክት መጣ። ያኔ እሺ ያለችው እሷ ናት፤ እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ጎረቤት ተሸክሞ ካወጣት ማንሻው ባይኖርም ይቻላል ማለት ነው፣ እናንተም ትክክል ነበራችሁ ማለት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ነገ ይመልሱታል፣ ከነገ ወዲያ ይመልሱታል እያልኩ አሥራ አራት ቀን አስቆጠርኳት። በእነዚያ ቀናት ነጠላዋን አጥፋ ከራስጌዋ አስቀምጣ ትጠብቅ ነበር። ይህን የምጽፈው እርስዎ እንዲፈርዱብኝ ብዬ አይደለም። ከላይ እስከ ታች የእናንተን ጥፋት ብቻ ደርድሬ ብፈርምበት ይኸኛውም ወረቀት ሐሰት ይሆንብኛል።

ጥቅምት 19 ቀን ማለዳ መርዶ ሰማን። ስምንት ጎረቤቶቻችን እኔን ሳይጠይቁ ገቡ። አራቱ ሞተሩን በገመድ ጎተቱ፤ አራቱ ወለተ ሥላሴን በቃሬዛ አወጡ። የሩብ ሰዓት ሥራ ነበር። ይጁቤ ስንደርስ ሰው ከቀብር እየተመለሰ ነው። ባለቤቴ ከሞተሩ ሳትወርድ እዚያው መንገድ ዳር ማልቀስ ጀመረች፤ ለቀስተኛውም እሷን ብሎ እንደገና ወደ ለቅሶው ተመለሰ። እኔ ሞተሩ እንዳይወድቅ መሪውን ይዤ ቆሜ ነበር። ሌላ የምይዘው አልነበረኝም።

ቤት ከገባን በኋላ «አንተ ሰው፣ ብትፈርም ኖሮ እጅህ ይቆረጥ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

ከዚያ ወዲህ እንደ ወትሮው ደኅና አደርክ ትለኛለች፤ ራቴን ታቀርብልኛለች፤ ጥያቄውን ግን አልደገመችውም። ብትደግመው ይሻለኝ ነበር።

7ኛ. ኅዳር 28 የአመተ ማርያም አርባ ነው። ወለተ ሥላሴ ልሂድ አላለችኝም። ነጠላዋን ግን ትናንት አጥባ አስጥታዋለች።

እንግዲህ የተከበሩ ኃላፊ፣ መንገዱ ዝቅ ይበልልኝ አልልም፤ ሁለተኛው ምዕራፍ በእኔ ዕድሜ ይድረስ ብዬም አላስቸግርዎትም። ስምንት ሰው በየጊዜው ጠርቼ ባለቤቴን እንደ ዕቃ ማስጫን አልችልም፤ እሷም ብትችል እኔ አልችልም። የምለምነው ማንሻዬ ከአርባው በፊት እንዲመለስልኝ ብቻ ነው።

ለከተማችን ከፍ ማለት ስላደረጉት ሁሉ፣ በተለይም ሰማንያውን ሳንቲም በሚመለከት፣ ከግንቡ ሥር ሆኜ አንገቴን ወደ ላይ አቅንቼ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ሥልጣንዎ እንዲሰፋ፣ ወንበርዎም እንደ ማንሻዬ ከፍ ሲል እንጂ ዝቅ ሲል እንዳያገኝዎ እመኛለሁ።

አለበል እንዳላማው
(በገዛ እጁ የተጻፈና የተፈረመ)

ግልባጭ፦
ከመንገዱ በታች ለምንኖር ሰባት አባወራዎች
ከመንገዱ በላይ ለሚኖሩም፤ የነገው አይታወቅምና

ከፊርማዬ በታች የተጨመረ፦ ቅጹን ፈርሜ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ። እንደ አባቴ ሳላነብ አልፈረምኩም፤ ሁለት ጊዜ አንብቤ፣ ሐሰት መሆኑን አረጋግጬ ፈረምኩ። ሕንፃ መሆኑን ካመንኩ ዘንድ፣ ይኸው ሕንፃ ከመስከረም 22 ቀን ጀምሮ ያለ ፈቃድ በጽሕፈት ቤታችሁ ግቢ ቆሞ የሚገኝ ስለሆነ፣ አቶ ጌቱ ሜትራቸውን ይዘው በአስቸኳይ እንዲደርሱ ጥቆማዬን አቀርባለሁ። እኔ ኅዳር 27 ጠዋት መጥቼ እወስደዋለሁ። ስመጣ «ምነው ቀድሞ በፈረሙ ኖሮ» የሚለኝ ሰው እንዳይኖር አደራ እላለሁ፤ ያን የሚለኝ ቤቴ ውስጥ አለኝ። ለወለተ ሥላሴም አልነግራትም፤ ማንሻውን ስታይ ታውቀዋለች። ከዛሬ ወዲያ ስለዚህ ጉዳይ ከእርስዎም፣ ከጎረቤትም፣ ከእሷም ጋር አንዲት ቃል አልነጋገርም።