ከእቅዱ የወጣው ዓረፍተ ነገር

ውድ ፊንባር፣

የጡረታ መሸኛህ ላይ ስለ ትምህርት ቤቱ እቅድ ሁለት ቃል እንድናገር የላክህልኝ ጥሪ ደርሶኛል። አልመጣም። ምክንያቱን ግን ከሌላ ሰው አፍ እንድትሰማው አልፈለግሁም።

እቅዱን ስናዘጋጅ የደከምነውን ታውቃለህ። ልጆቹ ከወጡ በኋላ፣ ማሞቂያው በማይሠራ ክፍል፣ አራታችንም መምህራን ካፖርታችንን ሳናወልቅ። ሒሳቡ በየክፍሉ ከምን ይጀምር፣ አየርላንድኛው እንዴት ይነበብ፣ ደካማውን የሚያስለቅስ ልጅ ሲገኝ ማን ምን ያድርግ እያልን ስንከራከር እናመሽ ነበር። የቅበላው መመሪያ ለእኔ ደረሰኝ። "የአጥቢያችን ልጅ ከበራችን አይመለስም" ብዬ ጻፍኩ። ወላጆች ፊት ቆመህ ያነበብከው ርዕሰ መምህሩ አንተ ነህ። ድምፅህ ሲንቀጠቀጥ ሰምቼ አመንኩህ።

በመስከረም ናን ልጇን ዊኒን ይዛ መጣች። ወገኖቿ፣ ከቦታ ቦታ እየተዘዋወሩ የሚኖሩትና ብዙ ሰው የሚንቃቸው ተጓዦች፣ ተሽከርካሪ ቤቶቻቸውን ከድልድዩ ማዶ ካቆሙ ወር አልሞላቸውም። አምስት ዓመት የሞላት ዊኒ ፀጉሯን ተጎንጉና፣ አዲስ ጫማ ተጫምታ ነበር። ቦታ የለም አልካቸው።

ናን በመስኮት ወደ ክፍሌ አየችና፣ "መምህር፣ ያ ባዶ ወንበር የማን ነው?" አለችህ።

የሚመጣ ልጅ አለ ብለህ መለስክላት። ክፉ ቃል ሳይወጣት ልጇን ይዛ ሄደች። እኔ ሥራውን እስክለቅ ድረስ በዚያ ወንበር ላይ ማንም አልተቀመጠም።

ቢሮህ ገብቼ ስጠይቅህ፣ ዊኒ ከገባች ልጆቻችንን እናስወጣለን ብለው ሁለት ቤተሰቦች እንደዛቱብህ ነገርከኝ። ልጅ ከቀነሰ አንድ መምህር ይቀነስብናል አልክ። እውነትህን ነው፤ መጨረሻ የተቀጠርኩት እኔ ነበርኩ።

"ኖረን" አልከኝ በስሜ ጠርተህ፣ ሻይህን እያማሰልክ፣ "እቅዱ ለመንግሥት ተቆጣጣሪው ማሳያ ነው። ትምህርት ቤቱ የወላጆቹ ነው። የአንቺንም እንጀራ እየጠበቅሁልሽ መሆኑን አትርሺ።"

በሚቀጥለው ስብሰባ የእኔን ዓረፍተ ነገር አውጥተህ፣ ቅድሚያ ለቀድሞ ተማሪዎች ወንድሞችና እህቶች ነው የሚል አስገባህ። ተቆጣጣሪው እቅዱን ለሌሎች ትምህርት ቤቶች ምሳሌ አድርጎ አሞገሰው። እኔ በፋሲካ ለቀቅሁ፤ አንተም ሌላ ሥራ አግኝታ ነው ብለህ ለሰው አወራህ።

ይህን ግን አታውቅም። ዊኒ አሁን ከተማ ውስጥ ወደማስተምርበት ክፍል ስትመጣ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። የራሷን ስም ከሌላው ስም ለይታ ማንበብ አትችልም ነበር። አጠገቤ ተቀምጣ ጣቷን በፊደሉ ላይ ስትጎትት፣ ጆሮዋ ድረስ ቀልታ፣ "ደደብ ነኝ አይደል?" አለችኝ። አይደለሽም፣ ማንም ስላላስተማረሽ ነው አልኳት። ፊንባር፣ ያን ጥያቄ መመለስ ያለብህ አንተ ነበርክ።

ናን አሁን ከገበያው ጀርባ ቤት አላት። በሯን አንኳኩተህ ይቅርታ ጠይቃት። መጠየቅህን ከእሷ አፍ እስክሰማ ድረስ ግን የአንተ የሆነ ፖስታ ቢመጣልኝ አልከፍተውም።

አንድ ጊዜ አለቃዬም ወዳጄም አድርጌ ያየሁህ፣
ኖረን