የ«እስክሪብቶ» የሕይወት ታሪክና ሳትመዘገብ የቀረች አንዲት እርማት

በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ «እስክሪብቶ» በመባል የሚታወቁት የክልሉ ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ ያዥ፣ ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ከትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛዋ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ፈሪ ነበሩ። ይህን የሚሉት ራሳቸው ስለነበሩ ቤተሰቡ ቢነገር አይቀየምም።

ትምህርታቸውን እንደጨረሱ የጽሕፈት መኪና ተምረው በ1969 ዓ.ም. በጸሐፊነት ተቀጠሩ። በ1974 ዓ.ም. ከመምህርት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። ባለቤታቸው «ይሄ ሰውዬ ቃለ ጉባኤ ካልያዘ ሰላምታም አይሰጥ» እያሉ ሲቀልዱባቸው እሳቸው ይስቁ ነበር።

ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ ምክር ቤቱን አገልግለዋል። በዚያ ቤት ውሳኔ ሁሉ በሙሉ ድምፅ ስለሚያልፍ፣ ቃለ ጉባኤው ከስብሰባው በፊት ተጽፎ የማደር ልማድ ነበር። በ1999 ዓ.ም. አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የወንዝ ዳሩን ሰፈር የማፍረስ ውሳኔ ለድምፅ ቀረበ። «የምትቃወሙ?» ሲባል የሰፈሩ ተወካይ የነበሩት አዋላጅ ነርስ ከኋላ ረድፍ ብቻቸውን እጃቸውን አነሡ። አፈ ጉባኤው ቀና ሳይሉ «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» አሉ። እስክሪብቶ ግን እጁን አይተዋል። ወረቀቱ ፊታቸው ተጽፎ ተቀምጧል፤ አንድም ፊደል አልነኩም።

በሚቀጥለው ጉባኤ ቃለ ጉባኤው ሲነበብ አዋላጇ ተነሥተው «እርማት አለኝ፤ እኔ ተቃውሜያለሁ» አሉ። አፈ ጉባኤው ወደ እስክሪብቶ ዞረው «አንተ አይተሃል?» ብለው ጠየቁ። እሳቸውም ተነሡና «እኔ ያየሁት እጅ የለም» አሉ።

ሰፈሩ ፈረሰ። ውሳኔው «በሙሉ ድምፅ» ተብሎ በየማስታወቂያ ሰሌዳው ተለጠፈ። አዋላጇ ራሳቸው ያዋለዷቸው እናቶች ሳይቀሩ «ቤታችንን ያስፈረሽብን አንቺ ነሽ» እያሉ ፊት ነሷቸው፤ በመጨረሻም አዋላጇ አካባቢውን ለቀው ሄዱ። እስክሪብቶ ከዚያ ወዲያ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ባዩ ቁጥር መንገድ ያቋርጡ ነበር። በር ሲንኳኳ ይደነግጣሉ፤ ጡረታ ከወጡ በኋላም ፍርሃቱ አልተዋቸውም። ቤተሰቡ ምክንያቱን አያውቅም ነበር።

የልብ ሕመማቸው ሲጠና፣ በዚያው ምክር ቤት መዝገብ ቤት የምትሠራውን ታላቅ ልጃቸውን አስጠርተው ነገሩን ሁሉ ነገሯት። «ሰው ፊት ነው የዋሸሁት፤ ሰው ፊት አርሚልኝ» አሏት። ልጃቸው ይህን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ያለዚህ ነገር ጻፈችው። አፈ ጉባኤው ለቀብር እንደሚመጡ፣ ከፊት እንደሚቀመጡም ታውቃለች፤ ሰኞ ወደዚያው ቢሮ ትመለሳለች። የአባቷን ፍርሃት የወረሰችው እሷ ናት። ሲነበብ ድምፅዋ ቢንቀጠቀጥ ለቀስተኛው ይቅርታ ያድርግላት።

እስክሪብቶ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በ70 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል።

በአደራቸው መሠረት የ1999 ዓ.ም. ቃለ ጉባኤ እንደሚከተለው ታርሟል፦ ሰፈሩ እንዲፈርስ የደገፉ ሰማንያ ስድስት፤ የተቃወሙ አንድ፤ እሳቸውም አዋላጇ ናቸው። ቃለ ጉባኤ ያዡ አይተዋል።

ፈጣሪ የአባታችንን ነፍስ በምሕረቱ ይቀበል፤ ለአዋላጇም አባታችን የወሰዱባቸውን ስም ይመልስላቸው።