ስሙ የማይጠራው ፎንና የናንጌ ትምህርት

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 4

የዝግ ቀን። ሰኞ ሰኞ መንገድ ላይ ውሻም አይታይ፤ መንግሥትን የሚወጉት የጫካ ልጆች ትእዛዝ ነው። ለኛ ግን ምርጥ የትምህርት ቀን… ማንም ድንገት አይመጣማ። ልጄ ናንጌ ኩሽና ውስጥ በቆሎ ትፈለፍላለች፣ ስልኩ እንቅቡ ውስጥ ነው። ሰው ቢመጣ ፍሬውን ላዩ ላይ መጣል ብቻ።

የጫካ ልጆች ትምህርት ቤታችንን ከዘጉት ሦስተኛ ዓመት። እዚያ አስተምር የነበርኩት ሴትዮ አሁን የአንድ ልጅ አስተማሪ። ደብተር ይዞ የተገኘ ልጅ ምን እንደሚደርስበት ሁሉም ያውቃል። ስልክ ግን ስልክ ነው። ዱዋላ ከተማ እህቴ ዘንድ የሄድኩ ጊዜ መጻሕፍት ሞላሁበት። አንድ የሩቅ አገር ቤተ መጻሕፍት የድሮ የታሪክ መጻሕፍቱን ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቶ ኢንተርኔት ላይ ለቆታል። አዲሶቹ ይሸጣሉ፣ ያረጁት በነፃ ናቸው። እናም ልጄ የምትማረው ሙታን የጻፉትን ነው።

አንዱ ገጽ ላይ የፎቶ አንሺው ጣት አብሮ ተነሥቷል። ናንጌ "መምህር አውራ ጣት" ብላ ስም አወጣችለት። ስንስቅ ነበር።

ጁን ላይ ከተማ ወርዳ ትፈተናለች። ካለፈች አዳሪ ትምህርት ቤት ትገባለች፣ ከዚህ ትወጣለች። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 14

"ማሚ! እኛ አለን! መጽሐፉ ውስጥ አለን!"

እውነትም። ከመቶ ዓመት በፊት የመጣ አንድ የጀርመን መኮንን የጻፈው። ኮረብታችን፣ ወንዛችን፣ ቤተ መንግሥቱ… የዚያን ዘመን ፎንም፣ ንጉሣችን፣ ከነስሙ።

አርባ ዓመቴ ነው፣ ያንን ስም ሰምቼው አላውቅም። ንጉሥ ከነገሠ በኋላ የልደት ስሙ አይጠራም። ሞተም አይባል፤ "ጠፋ" ነው የሚባለው። የሚያውቁት የቤተ መንግሥቱ ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። መኮንኑ ምን ቸገረው! ስሙን እንደ በቅሎ ስም ጽፎታል። "ሰቀልነው" ይላል። ቀኑን ሳይቀር።

ናንጌ ጮክ ብላ አነበበችው። ማስቆም ነበረብኝ? ፊቷ እንዲያ ሲበራ ሳይ አፌ አልታዘዝ አለኝ። እዚህ ግን ስሙን አልጽፈውም።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 15

ቀጣዩ ገጽ ሰነፎችና ሌቦች ይለናል።

"ውሸታም ከሆነ ለምን እናነበዋለን?"

"ስለኛ የጻፈ ሌላ አላገኘሁማ።"

"ታዲያ ስለ ፎኑስ ዋሽቶ ቢሆን?"

አላውቅም አልኳት።

ቅዳሜ፣ ማርች 9

በሩን ቆልፌ ነው የምጽፈው።

ጎረቤት ለቅሶ ነበርን። አንድ ሽማግሌ የጥንቱን ፎን ታሪክ ያወራሉ፤ ነጮቹ ሲመጡ ተራራው ውስጥ ገባ፣ ጠፋ፣ እጅ አልነካውም… ሁላችንም ከልጅነታችን የሰማነው ነው። ናንጌ ከሴቶቹ መሃል ተነሣች።

"አልጠፋም፣ ቦቤ" አለቻቸው፣ ሽማግሌን ሁሉ እንደምንጠራው። "ሰቅለውት ነው የሞተው።" ከዚያ ስሙን ጠራችው። ከነቀኑ።

ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ። አንዷ ልጇን አቅፋ ወጣች። ሽማግሌው መሬት ላይ ምራቃቸውን ተፉ።

"ማን ነገረሽ?"

"አነበብኩት። ከማሚ ጋር ስንማር፣ መጽሐፍ ላይ።"

የጫካ ልጆች አለቃ አክስት ከጎኔ ተቀምጣ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ… ልጅ ናት፣ ዋሺ ብዬ አላስተማርኳት!

እሑድ፣ ማርች 10

ቦቤ ችያ መጡ። የሟች ባሌ አባት፣ ራሳቸውም የቤተ መንግሥቱ ሽማግሌ። ፊደል አይለዩም። ስልኩን ሲያዩ ሁልጊዜ "ይኼ የሙታን መስኮት" እያሉ ያሾፉብኛል። ዛሬ ቀልድ የለም።

"ናዋይን፣" አሉኝ፤ የልጅ እናት እንደሚባለው። "የስሙ ነገር ከልጅ አፍ የወጣ ነው፣ በፍየልና በዶሮ ይነጻል። ትምህርቱ ግን በፍየል አይነጻም። ያንን ነገር ቅበሪው።"

መጻሕፍቱ ያሉበትን ሚሞሪ ካርድ ከስልኩ አወጣሁ። ማዳበሪያ ቁራጭ ጠቅልዬ ሙዙ ሥር ቀበርኩት።

ረቡዕ፣ ማርች 13

የፈሩት ይደርሳል። አራት ሆነው መጡ። አለቃው ገና ጢሙ በወጉ አልበቀለም።

"ትምህርት ቤቱ የት ነው?"

ናንጌ ቀሚሴን ይዛለች። ልናገር ስል ቦቤ ከጎናችን ያለውን በራቸውን ከፍተው ወጡ፣ የቤተ መንግሥት ሽማግሌ የሚያደርገውን ባለ ቀይ ላባ ቆባቸውን አድርገው።

"የምን ትምህርት ቤት? ስሙን የነገርኳት እኔ ነኝ።"

"ፓፓ፣ መጽሐፍ ላይ አየሁ ብላለች እኮ።"

"ጉራዋን ነዋ! ያንን ስም ከኛ ከሽማግሌዎቹ ሌላ ማን ያውቀዋል? አንተ ታውቀዋለህ? ጠጥቼ ነበር። አመለጠኝ።"

ልጁ ጠመንጃውን ከትከሻ ወደ ትከሻ አዛወረ። "ፓፓ… ቤተ መንግሥት ይህን ሲሰማ ምን እንደሚያደርግዎት ያውቃሉ?"

"ካንተ በፊት አውቃለሁ።"

ስልኬን ወሰዱ፣ ሄዱ። ቦቤ ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። እግራቸው ሥር ወድቄ አለቀስኩ። "ተነሺ፣ ሰው ያያል" አሉኝ።

ሐሙስ፣ ማርች 21

የቤተ መንግሥቱ ሰዎች የቦቤን ቆብ ወሰዱ። በሕዝብ ፊት። ስልሳ ዓመት ያገለገሉበትን ቤት ደጃፍ እንዳይረግጡ ተፈረደ፤ ሲሞቱም ከበሮ አይመታላቸውም። እውነቱን ልናገር ተነሣሁ። ቦቤ እጄን ጨመቁት፤ የሽማግሌ ጉልበት አይመስልም። ተቀመጥኩ።

ኤፕሪል 6

ቦቤን ማንም አይጠይቃቸውም። የበቆሎ ገንፎ፣ ፉፉ፣ ሠርቼ ወሰድኩላቸው። አንድ ጊዜ ጎርሰው ተዉት። ናንጌ ደጃፋቸው ላይ ትውላለች።

ማክሰኞ፣ ጁን 11

ፈተናው ባለፈው ሳምንት አለፈ። የከተማው መኪና ነበረ፤ አባብዬ፣ ተቆጥቼ፣ ለምኜ ነበር። ናንጌ እምቢ አለች። "የት ተማርሽ ቢሉኝስ? ቦቤ ዋሽተዋል ይባላል" አለች። ሙዙ ሥር ያለውን ካርድ ካላወጣሁት ዝናቡ ሳያበላሸው አይቀርም… ለማን ብዬ ላውጣው?

ዛሬ ወንዝ ወርዳ ነበር። ጎረቤታችን ኩዋ፣ የሚያተኩሰውን ልጇን አዝላ፣ የመድኃኒት ጠርሙስ ዘረጋችላት። "ናንጌዬ፣ አንቺ ታውቂያለሽ ይባላል፤ ስንት ጊዜ ነው የምሰጠው?"

ናንጌ ጠርሙሱን ገልብጣ አየችው። መልሳ ሰጠቻት።

"ማንበብ አልችልም፣ እቴ።"

ቤት ገብታ ውኃውን አወረደች። "በቀን ሁለት ጊዜ፣ ግማሽ ማንኪያ ነው የሚለው" አለችኝ። "ኩዋ ግን ሙሉ ማንኪያ ነው የምሰጠው ስትል ሰማኋት።" ዓይኔን ታያለች።

ተነሥቼ ወደ ኩዋ ቤት ሄድኩ። እንዴት አወቅሽ ብትለኝስ? ጠርሙሱን ያየችው ናንጌ እንጂ እኔ አይደለሁም። ቆምኩ፣ ተመለስኩ፣ ደግሞ ሄድኩ። በመጨረሻ ገብቼ ግማሽ ማንኪያ በቀን ሁለት ጊዜ ስጪው አልኳት፤ ከተማ ያለ ነርስ ነግሮኝ ነው ብዬ ዋሸሁ። አመነችኝ።

ስመለስ ናንጌ በሩ ላይ ትጠብቀኛለች። "ማን ነገረኝ አልሻት?" አለች።

ነርስ ብዬ መዋሸቴን ነገርኳት።

"ጎበዝ" አለችኝ።