የተኮስኩበት ፖስታ

ውድ ወንድሜ ኦሪን፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ደርሶኛል ከምል ገደልኩት ብል ይቀላል። ቁጣዬን ከማንም በላይ ታውቀዋለህ፤ አባባን የቀበርን ዕለት በአንድ አሮጌ ትራክተር ተጣልተን መንጋጋህን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት አንዲት ቃል አልተጻጻፍንም።

እዚህ የኬብል ቴሌቪዥንና የኢንተርኔት ድርጅቱ ቁም ስቅሌን አሳይቶኛል። በሳምንት አራት ጊዜ የማስታወቂያ ወረቀት ይልክብኛል። «ዌንደል፣ ናፍቀኸናል፣ ተመለስ» ይለኛል፤ በሕይወቴ ደንበኛቸው ሆኜ አላውቅም። ወረቀቱ አንጸባራቂ ስለሆነ ለምድጃ እንኳ አይረባም። ብደውል አንዲት ልጅ፣ «ጌታዬ፣ ስምዎ እስኪሰረዝ ስምንት ሳምንት ይፈጃል፤ እስከዚያው ስለ አዲሱ የአገልግሎት ጥቅላችን ልንገርዎት?» አለችኝ። ስልኩን ከግድግዳ ጋር አላተምኩት።

ፖስተኛዋን ዶሪንን መንገድ ላይ ጠብቄ ጮኽኩባት። «አታምጪብኝ አላልኩሽም?»

«ዌንደል፣ ስምህ ያለበትን ሁሉ ማድረስ ግዴታዬ ነው። ከፈለግህ ብላው» አለችኝ፣ ሞተሩን እንኳ ሳታጠፋ።

ከዚያ ደግሞ የድርጅቱ ሰዎች ብልጠት ጀመሩ፤ ፖስታውን በእጅ የተጻፈ ማስመሰል። ሰማያዊ ቀለም፣ ዘመም ያለ ፊደል፣ የላኪ ስም የሌለው። አንተም የላኪ ስም መጻፍ ድሮም አትወድም። የመጀመሪያው ሲመጣ ያንተ መስሎኝ ቤት እስክገባ እንኳ አልጠበቅኩም። ቀደድኩት፤ «ዌንደል፣ ናፍቀኸናል።» ያን ቀን የፖስታ ሳጥኑን ከነምሰሶው በመጥረቢያ ከተከትኩት። አዲስ ሳጥን ካቆምኩ በኋላ ግን እንዲህ ያለው ፖስታ በመጣ ቁጥር ሳልከፍት አጥሩ ላይ በሚስማር እየመታሁ በአባባ የአደን ጠመንጃ አፈራርሰው ጀመር። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽህም።

ዛሬ ጠዋት አንዱን ሁለት ጊዜ ተኮስኩበት። ሣሩ ላይ ከወደቀው ቁራጭ «ወንድምህ ኦሪን» የሚል አነበብኩ። እስከ ቀትር ተንበርክኬ ብጥስጣሹን ስለቅም እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

አሁን በማጣበቂያ ገጣጥሜዋለሁ። «ልቤን ሊከፍቱት ነው» ይላል። የቀዶ ጥገናው ቀን ያለበት ቦታ ቀዳዳ ነው። «ከዚያ በፊት አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ» ይላል፤ ቀጥሎ ያለውን የጥይቱ እርሳስ በልቶታል። በተሰነጠቀው ስልኬ ብደውል ቁጥርህ ተቀይሯል። ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ አንተ ወዳለህበት ወደ ክሊቭላንድ እነዳለሁ። ይህን ደብዳቤ ለፖስታ ቤት አላምነውም። ሆስፒታል አንተ ዘንድ ካላስገቡኝ ሚስትህ ሎይስ ታንብብልህ።

ምን እንደለመንከኝ አላውቅም። ይቅር እንድልህ ይሁን፣ ደሜን እንድሰጥህ ይሁን፣ ወይ ፊቴን ዳግመኛ እንዳላሳይህ። የቱም ቢሆን መልሴ እሺ ነው። የመጨረሻው ከሆነም እሺ፤ ወረቀቱን ለሎይስ ሰጥቼ፣ ከቀዶ ጥገናው በሰላም መውጣትህን እስክሰማ መኪናዬ ውስጥ እቀመጣለሁ።

ወንድምህ ዌንደል