ወርቃማው መርከብና የልብስ ሳሙናው

ለምወድሽና ለምፈራሽ ታላቅ እኅቴ፣ ለእትዬ፦

ይህን ወረቀት ስትገልጪ ቆመሽ ከሆነ እባክሽ ተቀመጪ። ተቀምጠሽ ከሆነ የምትደገፊው ግድግዳ ፈልጊ፤ አንድ ብርጭቆ ውሃም አጠገብሽ ይኑር። በቤታችን ከባድ ነገር ደርሷል። ሦስት ዓመት ሙሉ በክብር ተኝቶ የኖረ፣ እማዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ገላውን የምትጠርግለት፣ ማንንም አስቀይሞ የማያውቅ አንድ የቤታችን አባል ባለፈው ሳምንት በገዛ ወንድምሽ እጅ ልብሱን ተገፍፎ ተገኝቷል። ስሙን ልጽፍ ሦስት ጊዜ ጀመርኩ፤ እስክሪብቶው እምቢ አለኝ።

ግን ሰላምታ ሳይቀድም መርዶ አይነገርም። እንደምን አለሽልኝ? ጤናሽስ? ወገብሽስ? የሆቴሉን አንሶላ ዛሬም ከነእንፋሎቱ እየጎተትሽ ነው የምታወጪው ወይስ ያ አለቃሽ ቃሉን ጠብቆ አዲስ ማጠቢያ አስገባላችሁ? የእጅሽ ቆዳ መሰነጣጠቁን ተወ? በላክሽልን ፎቶ ላይ ፊትሽ ሞላ ብሏል፤ እማዬ ግን ከስታለች ብላ አለቀሰች። እሷ ዘንድ በበር መግባት የሚችል ሰው ሁሉ ከሲታ ነው። እኛ ደህና ነን። አባባ ደህና ነው፣ እማዬም ጉልበቷን ከሚቆረጥማት በቀር ደህና ናት። ስለዚህ አትደንግጪ፤ የተገፈፈው ሰው አይደለም። ወርቃማው መርከብ ነው።

አሁን ጩኺ። ጮኸሽ ስትጨርሺ ቀጥዪ፤ እጠብቅሻለሁ።

ያንን የጌም ካሴት እንዴት እንዳገኘሽው ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ አጠገብሽ ነበርኩ። የአሻንጉሊት ሱቋ ባለቤት ሱቋን ልትዘጋ ዕቃ ስታወጣ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ አቧራ ለብሶ ተገኘ። ሳጥኑ ላይ በሐምራዊ ባሕር የሚሄድ ወርቃማ መርከብ ተሥሎበታል፤ ላስቲኩ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። ደረትሽ ላይ አጣብቀሽ አቀፍሽው። እኔ ደግሞ የጌም ካሴት የምታቅፍ ሴት ማን ያገባታል ብዬ ሳቅሁብሽ። ብስክሌትሽን ሰጥተሽ ወሰድሽው፤ ከዚያ በኋላ ወደምትሠሪበት የቴሌቪዥን ጥገና ቤት በእግርሽ ስትመላለሺ ጫማሽ አለቀ። ፋብሪካው ጥቂት ብቻ አውጥቶ ስለተዘጋ የተከፈተው እንኳ አይገኝም፣ ያልተከፈተውማ ተረት ነው አልሽኝ። ዋጋው ያለው ላስቲኩ ላይ ነው ስትዪኝ ጊዜ፣ ሪሞቱን ከነላስቲኩ፣ ወንበሩንም ከነላስቲኩ የምታኖረው እማዬ ለካ ከሁላችን የቀደመች ሰብሳቢ ናት ብዬ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

ሌሎቹን ሠላሳ አራት ካሴቶች ፈቅደሽልኛል። እፍ እንዳትልባቸው ብቻ ነበር ያልሽው፤ ትንፋሽ ብረቱን ያዝገዋል ብለሽ በጥጥና በአልኮል መጥረግ አስተማርሽኝ። ወርቃማውን መርከብ ግን በዓይንህም አትንካው አልሽ። እሱ ሲሸጥ የራሴን ጥገና ቤት እከፍታለሁ፣ ያኔ ውሌን ሳላድስ እመለሳለሁ አልሽ። ይህን የምጽፈው እንዳልረሳሁት እንድታውቂ ነው።

አሁን ደግሞ የማታውቂውን ልንገርሽ። ልትሄጂ ሁለት ሳምንት ሲቀርሽ ለወርቃማው መርከብ መንታ ወለድኩለት። የምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት አለቃዬ ምሳ ሲወጣ ሳጥኑን በስድስቱም ጎኑ በባለቀለሙ ማሽን ኮፒ አደረግሁት። ካርቶን ቆርጬ ለጠፍኩ፤ ውስጡ አንድ ሙሉ የልብስ ሳሙና ከተትኩ፤ ላስቲክ አለበስኩትና ከጎረቤታችን ፀጉር ሠሪ በተዋስኩት ማድረቂያ እያሞቅሁ ላስቲኩን ሰበሰብኩት። እትዬ ሙቺ፣ እኔው ራሴ ፈዝዤ አየሁት። በትምህርት ቤት ዘመኔ ከስምንተኛ ክፍል ያላሳለፈኝ እጅ እንዲህ ያለ ነገር ይሠራል ብሎ ማን ያምናል?

ሐሳቤ ምን ነበር መሰለሽ? በምትሄጂበት ቀን አውቶቡስ ተራ ድረስ ልሸኝሽ፣ ሻንጣሽ ተጭኖ መስኮቱ ጋ ስትቀመጪ ከጃኬቴ ውስጥ ሳጥኑን አውጥቼ ፊትሽ ላይ ጭርር አድርጌ ልቀደው። አንቺ ትጮኺያለሽ። ተሳፋሪው ሁሉ ይነሳል። ከዚያ ሳሙናው ዱብ ይላል። እያለቀስሽ መሄዱን ትተሽ እየሰደብሽኝና እየሳቅሽ ትሄጃለሽ። ይኸው ነበር። እንደምታውቂው ግን በዚያ ቀን ሆዴን አመመኝ ብዬ ከአልጋ አልተነሳሁም። ወደዚያ ቀን እመለሳለሁ።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ መንታውን ከታላቁ ጎን የዕቃ ሣጥንሽ ውስጥ አስተኛሁት። እንዳይምታታብኝ ብዬ በሐሰተኛው ሥር ላስቲኩ ላይ በእስክሪብቶ አንዲት ነጥብ አድርጌ ነበር። እማዬ ግን የልጄ ዕቃ አቧራ አይቀመጥበትም ብላ በየቅዳሜው በእርጥብ ጨርቅ ስትጠርግ፣ ነጥቤንም ጠርጋ ወሰደችልኝ። አንዱ ለምን ሁለት ሆነ ብላ አልጠየቀችም። ካሴት ሲኖር ሲኖር ይወልዳል ብላ ይሆናል።

ባለፈው ሳምንት መጀመሪያ ስትደውዪ፣ የድሮ አለቃሽ ገዢ አገኘልኝ፣ የጥርስ ሐኪም ናቸው፣ ቅዳሜ መጥተው ያዩታል ብለሽ እንዴት እንደተደሰትሽ ድምፅሽ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። እሺ፣ ሁሉ ነገር በቦታው ነው አልኩሽና ስልኩን ለእማዬ ወርውሬ ወደ ሣጥኑ ሮጥኩ። ሁለቱንም አወጣሁ። አገላበጥኳቸው። ነጥቧ የለችም። አሸተትኳቸው፤ ሦስት ዓመት አብረው ተኝተው ሁለቱም ሳሙና ሳሙና ይላሉ፤ እንዲያውም ሠላሳ አራቱም ካሴት እንደታጠበ ሸሚዝ ይሸታል። በሕይወቴ አንድ ነገር አሳምሬ ብሠራ፣ አሳምሬ መሥራቴ ጉድ ሠራኝ። ለሐኪሙ ሳሙና ብሰጣቸውስ? የሌባ ቤተሰብ ልንባል ነው።

አርብ ከሥራ መልስ ሁለቱንም ይዤ የሠፈራችን ባለሱቅ ጋ ሄድኩና ሚዛን ላይ አስቀመጥኳቸው። ባለሱቁ ደግሞ ምን አዲስ ተንኮል ነው አንተ ቁንጫ አለኝ። አንደኛው ቀለል አለ። እኔም እንደ ተማረ ሰው አሰብኩ፦ ሳሙና ሲደርቅ ይቀላል፤ ስለዚህ ቀላሉ ሳሙናው ነው። በራሴ ኮርቼ ወደ ቤት ገባሁ፤ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ለማረጋገጥ የቀለለውን በጥፍሬ ጭርር አደረግሁት። ከፈትኩት።

ሳሙና የለም። እንደ አዲስ ሳንቲም የሚያብረቀርቅ ካሴት ነው።

ለካ ሳሙናው እንዳይንኳኳ ብዬ ያኔ በሦስት ድርብ ካርቶን ጠቅልዬው ኖሯል፤ ያንን ረስቼ ነው ሊቅ የሆንኩት። እማዬ ከወጥ ቤት ምንድነው የተቀደደው አለችኝ። ወረቀት ነው አልኳት። የአንቺ መመለሻ ነው የተቀደደው ልበላት? ያኔ የታየኝ ያ ሁሉ አንሶላ ነው። በእኔ አንዲት ጥፍር ምክንያት ውልሽን አድሰሽ ሁለት ዓመት ሙሉ ደግሞ ከነእንፋሎቱ ስትጎትቺው ታየኝ። እትዬ፣ ሳልቀልድ የቆየሁበት ረጅሙ ሰዓት ያ ነው።

ከዚያ ያደረግሁትን ብደብቅሽ ይሻለኝ ነበር። ሄጄ ማድረቂያውን ተዋስኩ። አዲስ ላስቲክ አለበስኩት፤ አሞቅሁት፤ ከበፊቱም አሳመርኩት። ማንም አያውቅም። አንቺ ትመለሻለሽ፣ ሐኪሙም ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ፣ እኔም አፌን እዘጋለሁ። የቀልድ እጄ ያን ቀን የምር ሠራ፤ እያሳመረው በሄደ ቁጥር ግን እኔን አስጠላኝ።

ቅዳሜ መጡ። ጠይም፣ ቀጭን፣ ጫማቸው የተወለወለ ሰው ናቸው። ገና ሲገቡ ሰላም ስላቸው ጥርሴን አዩ፤ አፌን ገጠምኩ። እማዬ ላስቲክ በለበሰው ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው፤ በተንቀሳቀሱ ቁጥር ወንበሩ ይንጫጫል። ካሴቱን ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው ያገላብጡት ጀመር። እማዬ ደረቷን ነፍታ፣ ልጄ እኮ በሰው አገር ሆና እንኳ ካሴቴ እንዴት አደረ ትላለች፣ እንደ ዓይኗ ብሌን ነው ያስጠበቀችው አለቻቸው። እሳቸውም ያስታውቃል እናቴ፣ እንዲህ የተያዘ ዕቃ አይቼ አላውቅም አሏት።

አንቺ ያልዋሸሽውን ውሸት በአንቺ ስም ልሸጥ ነው። ጌታዬ፣ ላስቲኩ የእኔ ነው፣ ትናንት ነው ያለበስኩት፣ እኅቴ አታውቅም፣ የፈለጉትን ያድርጉኝ ብዬ አንድ ትንፋሽ ላይ ዘረገፍኩት። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። አባባ ከጓዳ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

ሐኪሙ መነጽራቸውን አውልቀው ላስቲኩን ጥጉ ድረስ መረመሩት። ማን አስተማረህ አሉኝ። ማንም አልኳቸው። እጅህ ሸጋ ነው፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ብትማር ይሻልሃል አሉ። ከዚያ ምን አሉ መሰለሽ? መቀስ የለም ወይ እናቴ?

ለካ የመጡት ሊከፍቱት ነው! ልጅ ሆነው የጎረቤታቸው ሀብታም ልጅ ይህንኑ ጌም ሲጫወት በመስኮት ቆመው ያዩ ነበር። ቀጥሎ ያንተ ተራ ነው ይላቸዋል፤ ተራው ሳይደርስ ሠፈር ቀየሩ። ሰብሳቢ አይደለሁም፣ ተረኛ ነኝ አሉን። የተስማማችሁትንም አንዲት ሳያጎድሉ ለአባባ ቆጥረው ሰጡት። የተከፈተም ቢሆን ሳጥኑና ካሴቱ አዲስ ነው፣ እኔ የምፈልገውም ይህንኑ ነው አሉ።

እዚያው በአሮጌው ቴሌቪዥን ላይ ካልሞከርኩ አልሄድም አሉ። መጫወቻሽን አወጣሁ። ካሴቱን ሲከቱት ምስል የለም፤ እንደገና ቢከቱት የለም። ዞር ብለው አዩኝ፤ እኔም አየኋቸው። ከዚያ ይቅር በይኝ እትዬ፣ አንስተው እፍ አሉበት። መርከቡ መጣ! ያ ሁሉ ሐምራዊ ባሕር ሳሎናችንን ሞላው። አባባ መጀመሪያ ለማየት ብቻ ተጠጋ፤ ኋላ ሐኪሙን በግራ በኩል በግራ በኩል እያለ ይመራ ጀመር። የእኔ ዓይን ግን አንቺ ትቀመጪበት ወደነበረው ቦታ ሄደ። ይህን ጌም በዓይኑ ያላየ ከቤታችን ሰው አንቺ ብቻ ሆንሽ።

ወደ ሄድሽበት ቀን እመለሳለሁ ብዬሽ ነበር። ሆዴን አላመመኝም ነበር። ይህን ታውቂያለሽ። ጠዋት ስነሳ ጫማሽ በሩ ጋ ወደ ውጪ ዞሮ ተቀምጦ አየሁት። ያን ጫማ አይቼ መቀለድ አልችል አልኩ፤ ሳሙናውም ላስቲኩም ከንቱ ሆነብኝ። ተመልሼ ብርድ ልብስ ተከናነብኩ። መጥተሽ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥሽ። እጅሽን ሆዴ ላይ አድርገሽ፣ አንተ ቁንጫ፣ ለእኔ እንኳ አትነሳም አልሽኝ። የሣጥኑን ቁልፍ ትራሴ ሥር አደረግሽ። እኔ እንደተኛሁ ሆንኩ። አባባ ኋላ እንደነገረኝ፣ አውቶቡሱ እስኪታጠፍ ድረስ ዓይንሽ መግቢያው ላይ ነበር። ቀልዱ ይህ ነው፣ ከኋላ ሮጦ ይመጣል ብለሽ ነው አይደል? ስንቱን አታልያለሁ እትዬ፤ የሚቆጨኝ ግን ያ ብቻ ነው። መምጣት ነበረብኝ።

ሳሙናው አሁንም ከነላስቲኩ አለ። አልከፈትኩትም፣ አልከፍተውምም። ስትመለሺ አውቶቡስ ተራ ይዤው እቆማለሁ፤ ገና ከአውቶቡሱ ደረጃ ሳትወርጂ ጭርር የምታደርጊው አንቺ ነሽ።

እማዬ እስምሻለሁ፣ ከነፋስ ተጠንቀቂ ብላለች። ይህ ደብዳቤ እስኪደርስሽ ስለ ሽያጩ በስልክ እንዳትነግርሽ ስላስማልኳት ሆዷ ሊፈነዳ ነው፤ ቶሎ ደውዪላት። አባባ ናፍቆቱን በአፉ አይናገርም፤ ግን ለጥገና ቤትሽ የሚሆን ክፍል መንገድ ዳር አይቶ መጥቷል፣ መስኮቱ ሰፊ ነው ይላል። ባለሱቁም ሰላም ብሎሻል። ደብዳቤውን የምታደርስልሽን የልብስ ሰፊውን ልጅ ሻይ ሳታጠጪ እንዳትሸኛት፤ መንገዱን ሁሉ ገልጣ እንዳታነበው አስፈራርቻታለሁ። አብራሽ የምታድረዋን አንኮራፊ ጓደኛሽንም ሰላም በይልኝ፤ ብርታቱን ይስጣት፣ ለአንቺም የጆሮ ጥጥ ይስጥሽ።

እንግዲህ ውሃውን ጠጪና ከግድግዳው ተላቀቂ። ነገሩ ሁሉ ሲሰበሰብ አንዲት ላስቲክ ተቀደደች፤ ያውም በመቀስ ልትቀደድ ቀን ተቆርጦላት የነበረች ላስቲክ። ይህን ያህል ገጽ የሚያስጽፍ ነገር አልነበረም።

ከሳሎኑ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
ጥር 19 ቀን
ወንድምሽ ቁንጫ