ውሃ ያመጣችልኝ ሴትዮ

ሰኞ

«ሠራተኛዬ ናት» አልኩ። በዚህ አፌ።

የአምስተኛ ክፍል ልጅ በኢንተርኔት ለማስጠናት የትርፍ ሰዓት ሥራ አመልክቼ፣ ዛሬ የሙከራ ትምህርቴ ነበር። ተማሪው አዲስ አበባ፣ እናቱ ከጎኑ፣ እኔ ጋምቤላ። ቀጣሪዎቹ «የራስሽ ጸጥ ያለ ክፍል አለሽ?» ሲሉኝ «እንዴታ!» ብያለሁ። ክፍሉ የኛዶል ነው። ኛዶል አብራኝ የምታስተምር የባዮሎጂ መምህርት ናት፤ ጁባ ያለው ወንድሟ ከእናታቸው ጋር እየተያየ እንዲያወራ ዋይፋይ አስገብቶላታል። ላብ ሲያጠምቀኝ አይታ፣ በጣቷ ጫፍ እየተራመደች ቀዝቃዛ ውሃ አመጣችልኝ። የልጁ እናት «ማናት?» አለች። እኔም መለስኩ።

ኛዶል ብርጭቆውን በቀስታ አስቀምጣ ወጣች። ውሃውን ጠጣሁት። ይህም ይመዝገብልኝ።

ማክሰኞ

ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ ስለ ዜጎች እኩልነት አስተማርኩ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ልምድ ትልቅ ነገር ነው።

በእረፍት ሰዓት፣ መምህራን ክፍል፣ ኛዶል ከወንበሯ ብድግ አለች።

«እትዬ፣ ውሃ ላምጣልዎት?»

ሁሉም ሳቀ፤ ለምን እንደሳቀ ግን አያውቅም። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ምን ላድርግ?

ከሰዓት ተደወለ። ሙከራውን አልፌያለሁ። እስከ ዓርብ መልስ ስጪ አሉኝ።

ረቡዕ

ኛዶልን ሳልለምን ሥራውን የምይዝበት ዘዴ ፍለጋ ዋልኩ። ኒውላንድ ሰፈር ያለው ቤቴ፦ ኔትወርክ የሚመጣው ማንጎው ሥር ብቻ፤ ማንጎው ሥር የአከራዬ ፍየሎች። ሆቴሉ፦ ሙዚቃ። ትምህርት ቤቱ ማታ ዝግ ነው።

እምቢ ልበላቸው? «ለኅሊናዬ ስል ተውኩት» ማለት ሲያምር! ግን ሥራውን ከተውኩ ኛዶል ቤት የሚያስኬደኝ ጉዳይ አይኖርም፤ ይቅርታ ሳልጠይቅ እቀራለሁ። ይህቺን ብልጠቴን አውቃታለሁ።

እህቴ፣ ጎረቤቴ፣ ባልደረባዬ... አማርኛ ስንት ቃል ሞልቶት! እውነቱን ልጻፈው። ኛዶል እንደኔ ከደጋ የመጣች ብትሆን ኖሮ «እህቴ ናት» እል ነበር። ኑዌር ስለሆነች ነው አፌ ያኛውን ቃል የመዘዘው። ልሰርዘው እጄን አንስቼ ነበር። ይቆይ።

ሐሙስ

ሄድኩ። ልብስ እያሰጣች አገኘኋት።

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ? ሠራተኛሽ እንዳልሆንኩ እኔ አውቃለሁ። ለማታውቀዋ ንገሪያት።»

እዚያው ቆሜ ለእናትየዋ ደወልኩ፣ ኛዶል እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አድርጌ። ቤቱ የኔ አይደለም፣ ያቺ ሴትዮ የቤቱ ባለቤት ናት፣ መምህርት ናት፣ ዋሽቻለሁ። እንደ ንስሐ ዘረገፍኩት።

«የቷ ሴትዮ?» አለች እናትየዋ።

አላስታወሰቻትም። ታዲያ ያን ሁሉ የዋሸሁት ለማን ነው? ውሸቴን ከኛዶል በቀር የሰማውም የለም!

«ኔትወርኩ ጥሩ ነበር፤ በዚያው ይቀጥል» ብላ ዘጋችው።

ኛዶል ሳቀች፣ ብዙም አይደለም። «ክፍሉን ተጠቀሚበት። ግን እኔም እዚያው ቁጭ ብዬ ፈተና አርማለሁ። በገዛ ቤቴ በጣቴ ጫፍ አልሄድም።»

ዓርብ

«እሺ» አልኳቸው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ቅዳሜ

የመጀመሪያው ትምህርት። ኛዶል ከኋላዬ፣ ቀይ እስክሪብቶዋን ይዛ። ልጁ የሒሳቡን ክፍልፋይ ትቶ አፈጠጠ።

«ቲቸር፣ ከኋላሽ ያለችው ማናት?»

«ኛዶል ትባላለች። የቤቱ ባለቤት ናት። የባዮሎጂ መምህርት ናት።»

«ጓደኛሽ ናት?»

ዞር አልኩ። እስክሪብቶው ቆሟል፤ እሷ ግን ቀና አላለችም።

«እሷን ጠይቃት» አልኩት።

«አንተ፣ መጀመሪያ ክፍልፋይህን ጨርስ» አለችው ኛዶል።

ጨረሰ። ሁለተኛ አልጠየቀም፤ እኔም ጥያቄውን መልሼ አላነሳሁለትም።